ጋሼ፣ ክዳኑን ተወው

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። የሰው እጅ አልተዋስኩም፣ የጎረቤት ተማሪም አላባበልኩም። ያቺ «ፊደል መንገድ ላይ ቢጋፋት ይቅርታ ብላ ታልፈዋለች» እያልክ የምትስቅባት እህትህ ነኝ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩልህ! አስተማሪያችን «እንዳንቺ የሚጽፍ ተማሪ አላጋጠመኝም» ብላለች። «እንዳንቺ የሚለፈልፍም» ብላ ጨምራለች፤ እሱን ግን አልሰማሁም። ሌላው ስሙን ጽፎ እስኪጨርስ ላቡ ጠብ ይላል፤ እኔ እንደ ፍልጥ ነው የማወርደው። እንጨት መጋዘኑ ውስጥ ወንዶቹ እየተፈራረቁ የሚያቃስቱበትን ግንድ በአንድ ምት እንደምገምሰው ታውቃለህ፤ መብረቅ ብለህ የሰየምከኝም አንተ ነህ። ፊደልም ከግንድ አይብስም። የሚሰነጠቅበትን መስመር ካገኘህለት ራሱ ይከፈትልሃል።

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው አስተምረውናል። «ለሞተ ሰው ጤናህ እንዴት ነው ይባላል ወይ?» ብዬ ብጠይቃት አስተማሪዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝና «የሱን ጤና ተይውና ስለራስሽ ጻፊ» አለችኝ። እንግዲህ እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ላይ ነኝ እንጂ። የተቀመጥኩት ቤትህ ውስጥ፣ ከምድጃው ፊት ለፊት ነው። መስኮቱን በርግጄዋለሁ፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ምድጃው አልተለኮሰም። ወንበርህ በስተቀኜ ነው። ወደ እሱ ዞሬ አላይም። ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ ጸሐፊ ሥራ ላይ ሲሆን ወዲያ ወዲህ አይልም።

የመጣሁበትን ልንገርህ። ሚስትህን እየወሰድካት ነው። እንድትተዋት ልለምንህ ነው የምጽፈው።

ሽማግሌው ግንበኛ ይህን ምድጃ ሲሠሩልህ አስታውሳለሁ። ጡቡን ተቀበልካቸው፣ ቧንቧውን ተቀበልካቸው፤ ክዳኑን ግን «ይሄን ለእኔ ይተዉት» አልካቸው። ያን የቧንቧው አንገት ውስጥ የሚገባውን፣ በእጀታ እየተሳበ የጭሱን መውጫ የሚከፍት የሚዘጋውን ብረት ማለቴ ነው። የሌላው ሰው ቤት ክዳን ልቅ ነው፤ ተዘጋ ሲሉት እንኳ ዳር ዳሩን ያፏጫል። አንተ ግን ቁልፍ ሠሪ ነህ፤ ልቅ ነገር ስታይ ጥርስህን ያምሃል። ሞረድከው፣ ለካኸው፣ መልሰህ ሞረድከው። ስትገጥመው «ቀጭ» አለ፣ እንደ ካዝና። «ከእኔ እጅ በወጣ ነገር አየር አያልፍም!» ብለህ ደረትህን ነፋህ። ጉራ ከማን እንደወረስኩ ይኸው።

አነዳድህም የራስህ ነበር። ምድጃውን አፉ ድረስ በማገዶ ታጭቀዋለህ። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ሲቀላ ክዳኑን ቀጭ! «ሙቀቴ በቧንቧ ሽቅብ ሲኮበልል ቆሜ አላይም» ትላለህ። ከዚያ የምድጃውን ሆድ መታ መታ አድርገህ «የተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ትላለህ። እኔም ከመጋዘኑ ገና ውሃው ያልደረቀ ፍልጥ አመጣልሃለሁ፤ «እርጥብ ይበረክታል» ብለሃላ። በእርግጥም ይበረክት ነበር። ሲያለቅስ፣ ሲንሿሿ፣ ጫፉ ላይ አረፋ ሲደፍቅ ይውል ነበር። ቤቱ ግን ሞቆ አያውቅም። ምድጃ ዳር ካፖርት ለብሰህ የምትቀመጥ ሰው ነበርክ፤ «ዘንድሮ ብርዱ ባሰ» እያልክ። በየዓመቱ ዘንድሮ ነበር።

የሞትክ ጊዜ እህቷን ምጥ ይዟት ሚስትህ እትዬ እዚያ ነበር ያደረችው። ጠዋት ስትመለስ ወንበርህ ላይ አገኘችህ፤ አንዱ ጫማህ ወልቆ የሌላው ክር እንደታሰረ። ከንፈርህና ጥፍሮችህ ቀልተው፣ ፊትህ ወዝ ጠግቦ። ለቀስተኛው ሁሉ «ተኝቶ ነው እንጂ ሞተ አይባልም» አለ። «ወንድሜ ሞት እንኳ ያምርበታል» ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ደግሞ ለመጣው ሰው ሁሉ የመጨረሻ ቃልህን ትነግር ነበር፦ «‹ክዳኑን ዝጊልኝና ሂጂ፣ እኔ ጫማዬን ላውልቅ› አለኝ። ዘጋሁለት። ግንባሬን ሳመኝ። ሄድኩ።» ይህችን ቃል እንደ አንገት ጌጥ ነው የያዘቻት፤ ስትጨነቅ ትነካካታለች።

ከዚያ ብርዱ ሲመለስ አንተም ተመለስክ።

ከመጋዘኑ ስወጣ ጎራ ብዬ ነበር። እትዬ ከስታለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ግን እንደ ልጃገረድ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ሾርባ ቀርቧል።

«እንግዳ አለሽ እንዴ?»

«ወንድምሽ ነዋ።»

«የትኛው ወንድሜ?»

«ስንት አለሽ? እሱ ነዋ። ክዳኑን ስዘጋ ይመጣል።»

«እትዬ፣ እኔ መብረቅ ነኝ» ብዬ ሳቅኩ። «እኔን በሙት ማስፈራራት ዓሣን በውሃ ማስፈራራት ነው።»

«ማን አስፈራራሽ? ቁጭ በይና እይው። ደሞ እንዲህ አታስካኪ፤ ደክሞት ነው የሚመጣው።»

ተቀመጥኩ። ጊዜው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ፍሙ ቀልቷል። እትዬ እጀታውን ሳበችው፤ ቀጭ። ድመትህ ከተኛችበት ተነስታ በሩን ቧጠጠች፤ ብከፍትላት ጅራቷን እንደ ቡሩሽ አቁማ ወደ ብርዱ ወጣች። ያን ምቾት ወዳድ ፍጡር ታውቃታለህ፤ ብርድ መርጣ ስትወጣ ያን ቀን አየሁ።

ጭስ የለም። ፍሙ ብቻ ትንንሽ ሰማያዊ ምላስ ያወጣል፣ መልሶ ይውጣል። መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ዜማ ገባ፤ ሩቅ ቦታ ንብ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ቀጥሎ ራሴን በሻሽ ጥርቅም አድርገው ያሰሩኝ መሰለኝ። ከዚያ የክር ድምፅ ሰማሁ፤ የጫማ ክር ከቀዳዳው ሲሳብ የሚያሰማው ያ ደረቅ ሹክሹክታ። ዞር ስል ወንበርህ ላይ አጎንብሰሃል። ጀርባህን ነው ያየሁት፤ ያ ካፖርት፣ ያ ትከሻ። ክሩን ትስባለህ። አያልቅም። ትስባለህ፣ ትስባለህ፣ ክሩ ይረዝማል።

«ክዳኑ በደንብ ገጥሟል?» አልክ።

ጋሼ፣ ድምፅህ ከወንበሩ አልመጣም። ከቧንቧው ውስጥ ነው የመጣው።

«ገጥሟል ዓለሜ» አለች እትዬ፣ ሾርባውን ወደ ወንበሩ እያስጠጋች።

ስለ ሩጫዬ ብዙ አልናገርም። ጀግና ጫማውን ጥሎ የሚሮጠው ለፍጥነት ብሎ ነው። አጥሩ ሥር ተደፍቼ የበላሁትን አስመለስኩ። ንጹሑ አየር ሲገባልኝ ንቦቹ ከጆሮዬ አንድ በአንድ ወጡ። ቀና ብዬ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበርህ ባዶ ነው። እትዬ ግን ለባዶው ወንበር ማንኪያ ታቀብላለች። ከንፈሯ ቀለም እንደተቀባ ቀልቷል። ራሷ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ይወርዳል።

በሩን በርግጄ ገባሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እሷን እንደ ግንድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ነፍሷ መለስ ሲል ጥፊ አቀመሰችኝ።

«ምነው አስደነገጥሽው! ገና ሁለተኛ ጫማውን ሳያወልቅ!»

ሲነጋ ግንበኛው ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ምላሳቸው ግን አላረጀም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሩጫዬን ትንሽ አሳጥሬ። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «የአነዳዱን ንገሪኝ» አሉ። ስለ እርጥቡ ፍልጥ፣ ስለ ክዳኑ ነገርኳቸው። ያቺን የዝንብ ተረትህንም ሳይቀር።

«ዝንብ አይገባም» አሉ፤ «ነፍስ ግን ይወጣል።»

ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው አሉኝ። እርጥብ እንጨት ጉልበቱን የሚጨርሰው የገዛ ውሃውን ሲያፈላ ነው፤ ለቤቱ የሚተርፈው ማልቀስ ነው። አየር የነፈግከው እሳት ደግሞ ቆጣቢ አይደለም፤ የታነቀ ነው። ቧንቧውን በቅጥራን ይለስነዋል። ፍሙም ታፍኖ ሲቀር የሚተነፍሰው ነገር አይታይ፣ አይሸት፤ ራስ ያዞራል፣ ጆሮ ውስጥ ይዘፍናል፣ የሌለውን ያሳያል፣ ከዚያ ያስተኛል። «እሳት ሲንጣጣ አትፍሪው» አሉኝ። «ቀልቶ ዝም ሲል ነው።»

«እሺ፣ የሌለውን አሳየን እንበል። ሁለታችንም አንድ ሰው ለምን አየን? ድምፁስ ለምን ከቧንቧ መጣ?»

«እኔ የማውቀው ጡብ ነው ልጄ» አሉና ጢማቸውን ማሻሸት ተዉ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «ወንድምሽ ሲሞት መልኩ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም። እኔ፣ ቃል አጥቼ የማላውቀው። ከንፈርህ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው፣ ያ የተኩራራሁበት ወዝህ።

«ክዳኑን ማን ዘጋው?»

ይህን ለእሳቸውም አልመለስኩም። ለአንተ ግን መንገር አያስፈልገኝም፤ ታውቃለህ። «ዝጊልኝና ሂጂ» ያልካት አንተ ነህ፣ የሠራኸውም አንተ። እሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ነገር ግን ብታውቀው ማን ዘጋው ብላ አትፈርድም፤ እጇን ነው የምታየው። እትዬን ከዚህ ቤት ጎትቼ የማወጣበት አንድ እውነት አለኝ፣ እሱን ብናገር ደግሞ ምድጃው ሳይሆን እኔ እገድላታለሁ። ጉድ ነው መቼም። ይህን ሁሉ ምላስ ይዤ፣ የምትድንበትን አንዲት ቃል መዋጥ!

ስለዚህ በጉልበት መጣን። ግንበኛው ቧንቧውን አወረዱ፤ ውስጡ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅጥራን ለብሶ፣ ቀዳዳው ጠቦ ጠቦ የልጅ ክንድ እንኳ አያስገባም። ፋቅነው። ምድጃው ዙሪያ ሌላ የጡብ ግድግዳ ጨመሩለት፤ እሳቱ አየር ጠግቦ ቦግ ብሎ ይንደድ፣ ሙቀቱን ጡቡ ጠጥቶ ያስቀርልናል፣ እሳቱ ካለፈ በኋላም ቀስ እያለ ይመልስልናል አሉ። የክዳኑን አንድ ጎን ደግሞ መዳፍ በሚያህል ቆረጡት፤ ከእንግዲህ ጥርቅም ቢሉት እንኳ መተንፈሻ አለው። ብረቱን ሲቆርጡት የጮኸውን ጩኸት አልነግርህም፤ የሰማኸው ይመስለኛል። እኔም በጋውን ሙሉ ጣሪያ ሥር የደረቀ ፍልጥ አመጣሁ። ሁለቱን ስታጋጨው እንደ ደወል ይጮኻል፤ እርጥቡ ግን ዱፍ ነው የሚለው። ይህን ዓይነት ፍልጥ የሚያውቅ መጋዘን ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም። ዛሬ ብቻ ለጉራዬ ምክንያት አለኝ።

እትዬ ክዳኑን ስታይ ከምድጃው ፊት ተነጠፈች።

«ሁለተኛ ልትገድሉት ነው?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ—»

«አንቺ ዝም በይ! ወንድምሽ ነው፣ አንቺን ያሳደገ። በምን እንደሚመጣ እያወቅሽ መንገዱን ታበላሺበታለሽ?»

«እየከሳሽ ነው። ባለፈው አንጠልጥዬ ባላወጣሽ—»

«ማን አውጪኝ አለሽ?»

ግንበኛው መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ። ሁለታችን ቀረን። ብዙ አልቅሳ ሲደክማት፣ አንተ በምትቀመጥበት በኩል እያየች፣ ተደራደረች። «በቧንቧ ነው የሚመጣው። በቧንቧ ጻፊለት። ሁልጊዜ ፊደል ተማሪ ይልሽ ነበር፤ የአንቺን ይሰማል። ደብዳቤሽ ሲነድ ጭሱ ሽቅብ ከወጣ ፈቅዷል ማለት ነው፤ በአዲሱ ክዳን እኖራለሁ፣ አላስቸግርሽም። ወደ ቤት ከተመለሰ ግን አልፈለገም። የተቆረጠችውን ብረት በይዳችሁ ትመልሱልኛላችሁ፤ አንቺም ደጄን አትረግጪም።»

«ማይልኝ።»

«ምያለሁ። አንቺም ማይልኝ፤ ከደብዳቤው በቀር አንዲት ስንጥር እንዳትጨምሪ። ቆሜ አያለሁ።»

በረንዳ ላይ ለግንበኛው ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ነካሽ? ቧንቧው በውጭ ግድግዳ ነው የሚወጣው። እሳት ካላየ ሰንብቷል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ሞልቶታል። አንዲት ወረቀት ብትለኩሺበት ጭሱ ፊትሽ ላይ ነው የሚደፋው። ሙት ፈቀደ አልፈቀደ!»

«ምን ቢደረግ ይወጣል?»

«ቧንቧው መጀመሪያ ይሙቅ። ወረቀት ካልሽ ብዙ ወረቀት ይፈልጋል። አንዱ ሲያልቅ አንዱ እየተከተለ።»

አሁን ገባህ? አጭር ደብዳቤ እትዬን ይገድላታል፤ ረጅም ደብዳቤ ያድናታል። በዚህ ምድር ላይ መለፍለፍ ሰው የሚያድንበት ቀን ቢመጣ፣ ያ ቀን የእኔ መሆኑን ማን ይጠራጠራል! ይህን ያህል ያወራሁህ በከንቱ አይደለም፤ እያንዳንዷ ወረቀት ፍልጥ ናት። አስተማሪዋ «በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ጻፊ፣ ፊደልሽንም አታግዝፊ፣ ወረቀት ታባክኛለሽ» ትለኝ ነበር። ዛሬ በገዛ ፈቃዴ አግዝፌዋለሁ። እትዬ ከመለኮሱ በፊት አንብቢልኝ ብላኛለች፤ ከሰላምታው አነብላታለሁ፣ ከሾርባው አነብላታለሁ። ግንበኛው የጠየቁኝን ጥያቄና ይህን ገጽ እዘላለሁ። ይቅር ትለኛለህ፤ እሷ ማንበብ አለመቻሏን ያመሰገንኩት ዛሬ ብቻ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን እኔው ነኝ የማስተምራት።

ይኸው ከጓዳ እየጮኸች ነው። «አልጨረስሽም? ደብዳቤ ነው የቤት ሥራ?»

«ናፍቆት በአንድ ወረቀት ያልቃል እንዴ እትዬ?»

የሳህኗ መንኳኳት ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ «ጻፊ፣ ጻፊ» አለች። «እሱ ወሬ ይወድ ነበር።»

ጋሼ፣ አሁን የምነግርህን ለግንበኛውም አልነግራቸውም። መስኮቱ ክፍት ነው። ምድጃው ባዶ ነው፤ ፍም የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚያሳስት ነገር የለም። ራሴ ንጹሕ ነው፤ የማባዣ ሰንጠረዥ ልድገምልህ ብል እደግማለሁ። ድመቷ እግሬ ላይ ተጋድማለች። አልሸሸችም። ግን ዓይኗን ከወንበርህ ላይ አላነሳችም፤ የሚንቀሳቀስ እጅ እንደምትከተል ራሷን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች። ያ ደረቅ ሹክሹክታም አለ። ክር ከቀዳዳ ሲሳብ።

አልዞርም። ግን አንተ ከሆንክ፣ ያለ ጭስም መምጣት የምትችል ከሆነ፣ ለምን እሷን አንቀህ ትመጣለህ? እንዲህ ና። በብርድ ና፣ በክፍት መስኮት ና፣ ድመቷ የማትሸሽበት ሆነህ ና። ማንም በር አይዘጋብህም። ክዳኑን ብቻ ተወው። ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ቁልፍ ሠርተሃል፤ መክፈትም እኮ የቁልፍ ሥራ ነው። እኔ ቧንቧውን በዚህ ሁሉ ወሬ አሞቅልሃለሁ፤ አንተ እጅህን ከእጀታው ላይ አንሳ። ሁለተኛውን ጫማ አውልቅና ዕረፍ።

እኔም ቃል እገባለሁ። እትዬን ብቻዋን አልተዋትም። እርጥብ ፍልጥ ከዚህ ደጃፍ አያልፍም። በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ ቧንቧውን እፍቃለሁ፤ የመጨረሻ ቃልህን ስትነግረኝም እስከ መጨረሻው እሰማታለሁ፣ አንዲት ነገር ሳልጨምር። መብረቅ ዝም አለች ብለህ ልትመካ ትችላለህ።

አሁን መዳፌን ወደ ምድጃው አፍ አስገባሁ። ቅድም ቀዝቃዛው አየር ከላይ ወደ እጄ ይወርድ ነበር። አሁን አይወርድም። አይወጣምም። ቆሟል። የሆነ ሰው እዚያ ላይ ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ይመስላል።

እትዬ ክብሪቱን ይዛ መጣች። አንዲት ባዶ ወረቀት ተርፋኛለች። ባዶ ወረቀት ደብዳቤ ስላልሆነ እትዬ አትቀበለኝም፤ ወሬዬም አልቋል፣ ካመንከኝ። ስለዚህ የማውቀውን ቃል ሁሉ ትቼ፣ መጀመሪያ መጻፍ የተማርኩትን ቃል ከላይ እስከ ታች እሞላባታለሁ። ይቺን ነው ከሥር የማደርጋት፤ ቀድማ ትነድዳለች።

ጋሼ ጋሼ ጋሼ ጋሼ ጋሼ
ጋሼ ጋሼ ጋሼ ጋሼ ጋሼ
ጋሼ ጋሼ ጋሼ

እህትህ፣
መብረቅ